ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላት አንዲት ነገር ነበረችኝ። «የተጻፈ ሁሉ ይነበባል» እላቸው ነበር። ልብ ወለዱም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈችው ወረቀትም ጸሐፊ አላት፣ አንባቢ አላት፣ የምትደብቀው ነገር አላት። መቼም መምህር የተናገረውን ሁሉ ተማሪ ቢይዝበት ኖሮ ጉዱ ይፈላ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ግን ይህችን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ይዟት ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ወልድያ ላይ ስንገናኝ አወጣት። «ጋሼ፣ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ይሉን አልነበር? እንግዲያው ይህን ያንብቡልኝ» አለና አንዲት ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠ።

ፍላሿ ውስጥ ያለው ሪፖርት ነው። የሃያ አንድ ዓመት ዓመታዊ ሪፖርት።

ይኸውላችሁ፣ ይህ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሁለት ዓመት አስተማረና፣ ደመወዙ የቤት ኪራዩንና የእናቱን ቀለብ አልችል ሲለው፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ልጆች «ኤንጂኦ» ገባ። ድርጅቱ በሰሜን ወሎ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ነው፤ ስሙን እዚህ አልጠራውም። ከፕሮጀክት ሠራተኛነት ተነሥቶ የአካባቢው ቢሮ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። ሀብሩ ወረዳን፣ በተለይም ግራናንና ዙሪያዋን፣ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ ሳይቀር ያውቃል። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲገባ የቢሮው ወረቀት ሁሉ ጠፋ። የቀረው በየጊዜው በኢሜይል ተልኮ የነበረው ብቻ ነው፤ እሱን ለቃቅሞ ፍላሽ ላይ አስቀመጠው። በ2017 ደግሞ ገንዘቡ ቆመ፣ ቢሮው ተዘጋ። ፍላሿ ግን ኪሱ ውስጥ ቀረች።

እኔም ሦስት ቀን ተቀምጬ አነበብኩት። ያነበብኩት እንደ ሒሳብ መርማሪ አይደለም፤ ያ ሙያ የለኝም። እንደ ሐያሲ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ሒስ ነው፤ የተሐያሲው ፈቃድ አለኝ።

ሪፖርት የራሱ ወግ ያለው የጽሑፍ ዓይነት ነው። መግቢያው ሁልጊዜ በድርቅ ይጀምራል። መሐሉ ሠንጠረዥ ነው። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ክፍል ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ «የተወሰዱ መፍትሔዎች» ግን ሁልጊዜ ከችግሮቹ ይበዛሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ተጠቃሚ» ይባላል። ስም የለውም፤ ፆታና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አይናገርም፤ «ደስታውን ይገልጻል»።

ይህ የጽሑፍ ዓይነት በአገራችን የተስፋፋው በወሎ ምክንያት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። በ1965 እና 66 የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ነው የእርዳታ ድርጅቶች ሰብሰብ ብለው ሲአርዲኤን የመሠረቱት። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የዚያው ረሃብ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሎ እርዳታም ሪፖርትም ተለይተውት አያውቁም። መንግሥታት ሲለዋወጡም ድርጅቶች ምን መሥራት፣ ምን መናገር እንደሚችሉ አብሮ ተለዋውጧል። በ1978 ደርግ ሠፈራውን የነቀፈውን የፈረንሳዩን የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት አስወጣ። በ1980 ደግሞ የውጭ እርዳታ ሠራተኞችን ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ አዘዘ። ስለዚህ የወሎ የእርዳታ ሠራተኛ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሰማይ ያያል፤ አንዱ የዝናቡ ነው፣ ሌላው የመመሪያው። ሁለቱም መቼ እንደሚለወጡ አያማክሩትም።

ወደ ፍላሿ ልመለስ።

የመጀመሪያው የ1996ቱ ሪፖርት ነው። አማርኛው ልክ እንደ ጻፈው ልጅ ዕድሜ ትኩስ ነው። «መብት» የሚለው ቃል ያልረገጠው ገጽ የለም። በዚያን ጊዜ «መብት ተኮር» የሚሉት አካሄድ የለጋሾች ፋሽን ነበር፤ ከዚያ በፊት «የተቀናጀ የገጠር ልማት» ነበር፣ በኋላ «የኑሮ ዘይቤ» ሆነ፣ ከዚያም «የመቋቋም አቅም» መጣ። እናም ቃሉ በፋሽን የመጣ መሆኑን አልክድም። ግራና ላይ ግን ቃሉ የሚጨበጥ ነገር አግኝቶ ነበር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት እየተለካ፣ የባልም የሚስትም ስም የሚሰፍርበት የይዞታ ደብተር መሰጠት የጀመረበት ዘመን ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግም በ1995 ወጥቷል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ የተፋታች ሴት፣ ከሁለተኛ ሚስትነት ጋር የምትታገል ሴት፣ ስሟ ደብተሩ ላይ ወጣ አልወጣ የሚለው ነገር የዕድሜ ልክ እንጀራዋ ነው። ድርጅቱ አንድ የሕግ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ከየቀበሌው ፊደል የቆጠሩ ሴቶችን በሕግ ምክር አሠልጥኖ፣ በገበያ ቀን ግራና ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሴቶቹ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። የ1996ቱ ሪፖርት ላይ ከሠንጠረዡ ሥር አንድ አንቀጽ አለ፤ አንዲት ሴት መርሳ ወረዳ ፍርድ ቤት ቆማ ስለተናገረችው ነገር ይተርካል። በሃያ አንዱ ሪፖርት ውስጥ «ተጠቃሚ» የተናገረበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ 1997 መጣ። ምርጫውን ታስታውሳላችሁ። ሲቪክ ማኅበራት መራጭ አስተማሩ፤ እንታዘብ ብለው ምርጫ ቦርድን ፍርድ ቤት ገትረው ረቱ። ማግስቱን አገሩ ሲታመስ እነዚህ ማኅበራት በጥርጣሬ ዐይን ታዩ። የአክሽን ኤዱ ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ ታሠሩ፤ የወጡት በ2000 ነው። በ2001 አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። አዋጁን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ይህን ይላል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ሥራ እጁን ማስገባት አይችልም። ያን የሚሠራው «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበው ብቻ ነው። በውጭ ገንዘብ የሚኖረው፣ ሠራተኛው ሁሉ የሀብሩ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ «የኢትዮጵያ ነዋሪዎች» ድርጅት ተብሎ ይመዘገባል። በገዛ አገር ነዋሪ መባል አንዳች ይከነክናል። ግን ይሁን።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን የመንግሥትንም ክርክር ልናገር። «በውጭ ገንዘብ የአገር ፖለቲካ አይሠራም፤ የመብት ጥያቄ በዜጋው በራሱ መዋጮ ይጠየቅ» ነበር ክርክሩ። ደግሞም ድርጅቶቹ ለድሃው የመጣውን በሆቴል ስብሰባ፣ በአበልና በላንድክሩዘር ይጨርሱታል ይል ነበር። ይህ ሁሉ ውሸት አልነበረም። ደሴና ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ስለ ድህነት ሲመከር ምሳ ላይ የተገኘ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም አንድ ሁለቴ ተጋብዤ በልቻለሁ። ነገር ግን ግራና ላይ ለምትቀመጠው የሕግ አማካሪ ማን ያዋጣላት? ያች ባሏ የሞተባት ሴት? «የሴቶች ማኅበር ይሠራዋል» ተባለ። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበርና መሬቱን የያዘው ሰው አንድ ቀበሌ ካቢኔ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡስ?

ተማሪዬ በዚያን ጊዜ የቢሮ ኃላፊ ሆኖ ነበር። እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ፕሮጀክቱን አትመን ለእያንዳንዱ አንድ ክፍል አንድ ሃይላይተር ሰጠሁ። ‹መብት› የሚለውን ባገኛችሁበት አቅልሙ አልኩ። እየሳቅን ነው። እንደ ጨዋታ ነበር።» ተቀለመ፣ ተቀየረ። «የመብት ግንዛቤ» «የጠባይ ለውጥ ግንዛቤ» ሆነ። «የሕግ ምክር» «የኑሮ ማሻሻያ ምክር» ሆነ። «ፆታዊ እኩልነት» «የሴቶች ገቢ ማስገኛ» ሆነ። «ግጭት አፈታት» ጭራሹን ወጣ። ለለጋሹ በሚላከው በእንግሊዝኛው ግን «ኢምፓወርመንት» እንዳለ ቀረ። አንድ ሥራ በአማርኛ አንድ ስም፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም ይዞ ወረዳውንም ለጋሹንም አስደስቶ አለፈ ማለት ነው። ሠራተኞቹን ያረጋጋበትን ቃልም ነግሮኛል፤ «አይዟችሁ፣ ቃል ነው የቀየርነው፤ ሥራው ያው ነው» አላቸው።

ሒሴ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ሠላሳ አንድ ሠራተኛ በየቤቱ ልጅ የሚያሳድግ እያለ ቢሮ ላለመዝጋት ቃል መቀየሩን አልፈርድበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሃይላይተር አነሣ ነበር። እንዲያውም አንሥቻለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። የምተቸው «ሥራው ያው ነው» ያለውን ነው። ያው አልነበረምና። የሕግ ባለሙያው መደብ በ2002 ታጠፈ፤ በምትኩ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ተቀጠረ። የሕግ አማካሪዎቹ ሴቶች «የቁጠባ ቡድን አስተባባሪ» ተባሉና ስለ ቁጠባ ሠለጠኑ። ቃል ልብስ ቢሆን ኖሮ ቢቀይሩትም ገላው ያው ነው። ሪፖርት ውስጥ ያለ ቃል ግን በጀት ይከተለዋል፣ በጀትን ሰው ይከተለዋል፣ ሰውን መኪናው ይከተለዋል። «የሕግ ምክር» የሚለው መስመር ከሠንጠረዡ ሲወጣ ገበያ ቀን ግራና ላይ የምትቀመጠውም ወንበር አብራ ወጣች።

የአንዲት ሴት ነገር አለ። ባሏ ሞቶባት፣ የባሏ ወንድም «እኔ አርስልሻለሁ» ብሎ ገብቶ፣ ሦስት ክረምት ካረሰ በኋላ ደብተሩን በራሱ ስም ሊያወጣ ሲል ነው ወደ አማካሪዋ የመጣችው። ጉዳዩ ተጠንቶ፣ ምስክር ተለቅሞ፣ ፍርድ ቤት ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት አዋጁ ደረሰ። ሴትዮዋ በገበያ ቀን ብትመጣ ወንበሯ የለችም። መርሳ ድረስ በእግሯ ወጥታ ቢሮ ገባች። «እናቴ፣ ይህን ሥራ አቁመናል» አላት ተማሪዬ። «ምነው ልጄ?» «መመሪያ ተለውጦ ነው።» «እኔን ነው የሚለው መመሪያው?» አለችው። ምን ብሎ ይመልስ? በሚቀጥለው ዓመት ግን አልረሳትም፤ ሴቶች ገቢ ማስገኛ ውስጥ አስገብቶ ሁለት ሴት ፍየልና አንድ ወጠጤ አሰጣት። በ2003ቱ ሪፖርት፣ ሠንጠረዥ አራት ላይ፣ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ እሷ ናት። ፍየሎቹን የተቀበለች ቀን «እሰይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የት ላሰማራቸው ነው ታዲያ?» አለች። መሬቱ ሄዷል። ፍየሎቹን በወሩ ሸጠቻቸው።

ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይህ ነው።

ይቀጥላል። በ2003 ደግሞ የወጪ መመሪያ ወጣ፤ ሰባ ሠላሳ የምንለው። ከጠቅላላ ወጪ ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይቻልም። ሲሰሙት ደግ ሕግ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ጉዱ ያለው «አስተዳደር» በሚለው ቃል ፍቺ ላይ ነበር። ክትትልና ግምገማ፣ ትራንስፖርት፣ የአሠልጣኝ አበል ጭምር አስተዳደር ተባሉ። ፍየል መግዛት ሥራ ነው፤ ፍየሉ ይኑር ይሙት ሄዶ ማየት ግን አስተዳደር ነው። እናም ተማሪዬ ወደ ግራና መውጣቱን ከወር ወደ ሩብ ዓመት፣ ከሩብ ዓመት ወደ ዓመት አሳነሰው። ሪፖርቱ ግን በየሩብ ዓመቱ ይጻፍ ነበር። ሳያዩ የሚጻፍ ነገር ምን እንደሚባል ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ሰውዬ አውቃለሁ፤ ልብ ወለድ ነው። ከ2004 እስከ 2010 ያሉት ሪፖርቶች አማርኛቸው የተወለወለ ነው፣ ስሕተት የለባቸውም፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። ያ ትኩስ ልጅ ጽሑፍ ማሳመር ተማረ፤ መናገር ተወ።

አሁን ሰባ ሠላሳ የሚለውን ስሰማ የራሴ ቁስል ይቆረቁረኛል። በ2001 አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ሰባ ሠላሳ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከሚገባው ተማሪ ሰባው እጅ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ተባለ። ሥነ ጽሑፍ በዚያች ሠላሳ ውስጥ ከብዙ ወንድሞቹ ጋር ተጣበቀ። እኔ በዚያን ጊዜ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ምን አደረግሁ? ስም ቀየርኩ። የግጥም ትንተናውን ኮርስ «የፈጠራ ተግባቦት» አልኩት፤ ሒሱን «የጽሑፍ ክህሎት» አልኩት። መምህራኑን ሰብስቤም «ስም ነው፤ የምናስተምረው ያው ነው» አልኳቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን አይተው የመጡ ተማሪዎች የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ አስተምሩን አሉ። መብታቸው ነው፤ ስሙ እንደዚያ ይላላ! አስተማርናቸው። ስለዚህ በተማሪዬ ላይ የምጽፈው ሒስ ከላይ ወደ ታች የሚወረወር አይደለም። ምናልባትም ይህን ብልሃት ከኔው ተምሮት ይሆናል።

ሌላ መንገድ ነበር ወይ? ነበር፤ ግን ዋጋው ከባድ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ጓደኞቻቸው በ1984 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ቃሉን አልቀይርም ብሎ «የኢትዮጵያ» ተብሎ ተመዘገበ። በባንክ የነበረው ገንዘቡ ታገደ። አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ፣ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንደዚሁ ገንዘቡ ታግዶበት ከሲታ ሆኖ ቀረ። ለቤተሰብ ሕጉ መሻሻል የታገለው፣ ለብዙ ሺህ ሴቶች በነፃ የቆመው ማኅበር ማለቴ ነው። እነዚህ ቃላቸውን አተረፉ፤ ሥራቸው ግን ሟሸሸ። ተማሪዬ ቢሮውን አተረፈ፤ ሥራው ግን ሌላ ሆነ። ለግራናዋ ሴት ሁለቱም አልደረሱላትም። ይህን ስል ሁለቱ እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም። ኢሰመጉ ሲከሳ መክሳቱን አገር አየ፤ በአዋጁ ምክንያት ምን እንደ ጎደለ ታወቀ። ተማሪዬ ግን ሪፖርቱን ሞልቶ ስለላከ ምንም የጎደለ ነገር አልታየም። አዋጁን ያወጣው ሰው ከ2002 በኋላ የሀብሩን ሪፖርት ቢያነብ «ይኸው፣ ማን ተጎዳ?» ማለት ይችላል። የሐሰት ሪፖርት ትልቁ ጉዳቱ ይህ ይመስለኛል፤ መጥፎ ፖሊሲን መጥፎ መሆኑ እንዳይታወቅ ይሸሽገዋል።

በ2011 ነገሩ ተገለበጠ። አዋጅ ቁጥር 1113 ወጣ፤ የ10 በመቶዋ ገደብ ተነሣች፣ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ቢሆንም ፍቺው ከልብ ጠበበ፣ ፕሮጀክትን ሄዶ ማየት ኃጢአት መሆኑ ቀረ። ያ ዘመን ታዲያ የሚያስገርም ነበር፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ታስሮ የነበረው ዳንኤል በቀለ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። በፍላሿ ውስጥ የ2012ቱን ሪፖርት ከፈትኩ፤ «መብት» ተመልሷል። በየገጹ። ሃይላይተሩ አሁን ለመመለስ ሠርቷል። ሥራውን ስፈልግ ግን አጣሁት። የሕግ ባለሙያው አዲስ አበባ ገብቷል፣ አማካሪዎቹ ሴቶች ተበትነዋል፣ ሥልጠና የሚሰጥበት ሠነድ እንኳ የለም። ቃል በአንድ ማታ ይመለሳል፤ አሥር ዓመት የተተወ ሙያ ግን በአንድ ማታ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ የኖራችሁት ነው። በሐምሌ 2013 መንግሥት የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤትን፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የሆላንድ ክፍልና አል መክቱም ፋውንዴሽንን ለሦስት ወር አገደ። በማግስቱ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን አዳረሰ። ከወለጋ የተፈናቀለው ወገን እዚያው ሀብሩ ውስጥ ጃራ ላይ በሸራ ተጠለለ። በሰኔ 2015 አሜሪካኖችና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ተዘርፏል ብለው በመላ አገሪቱ ምግብ ማከፋፈል አቆሙ፤ የበላውም ያልበላውም አብሮ ጦም አደረ። በ2017 ኅዳርና ታኅሣሥ ኢሰመጉን ጨምሮ የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች እንደገና ታገዱ፤ እገዳው ከወራት በኋላ ተነሣ። በጥር 2017 ደግሞ ከዋሺንግተን በወጣ አንድ ትእዛዝ የአሜሪካ እርዳታ ቆመ፤ ዩኤስኤይድ ራሱ በሰኔ ተዘጋ። የተማሪዬ ቢሮ ገንዘብ በሌላ እጅ ዞሮ ይምጣ እንጂ ምንጩ ያው ነበር። ሃያ አንድ ዓመት የአዲስ አበባን መመሪያ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዋሺንግተን ዘጋችው። በዚህኛው ጊዜ የሚቀየር ቃል እንኳ አልተገኘም።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ድርጅት የሚመራ ሰው ምን ያድርግ? ተማሪዬ ይህን ጠየቀኝ። እኔ የአመራር ምሁር አይደለሁም፤ ካነበብኩት ተነሥቼ ግን ሦስት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ቃል መቀየር ግድ ከሆነ ቀይር፤ ግን ለሠራተኛህ «ሥራው ያው ነው» አትበል። «ይህን ሥራ ዛሬ አቆምን፣ ያቆምነው በዚህ ምክንያት ነው፣ የሚጎዳውም እገሌ ነው» በልና በመዝገብ ጻፈው፤ ለጋሽ ባያነበው ለሚቀጥለው ኃላፊ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሠራተኛህ መደንገጡን እንደ በሽታ አትፍራው፤ የዚያን ቀን ሳቅ ያስፈልግ የነበረው አልነበረም፤ ቢደነግጡ ኖሮ አንዱ «ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊገባ የደረሰ ሰው አለ፣ እሱን እንጨርስ» ይል ነበር። የመመዝገቢያው ጊዜ አንድ ዓመት ነበርና ያችን ሴት ለማድረስ ይበቃ ነበር። ሦስተኛ፣ ሥራውን ቢሮ ሲዘጋ የማይዘጋ ሰው እጅ ላይ ትተህ ሂድ።

በሦስተኛው ላይ ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ እንግዲያው ግራና እንሂድ» አለኝ።

ሄድን። እናቴ የሀብሩ ሰው ናትና ለአገሩ ባዳ አይደለሁም። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ከመስኖው ማሳ ሽንኩርት በጆንያ እየወጣ መኪና ይጭናል። ያቺ ቤት ከገበያው ጀርባ ናት። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው፤ በ1996 ከሠለጠኑት አማካሪዎች አንዷ። ቡና እየተቆላ ተማሪዬ ስለ ቢሮው መዘጋት ነገራቸው። «ሰምቻለሁ ልጄ፣ አላህ ይተካላችሁ» አሉት። ቀጥለውም ከሣጥናቸው አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አወጡ። ያኔ ለሕግ ምክሩ የተሰጣቸው የጉዳይ መመዝገቢያ ነው። ቀን፣ ስም፣ ጉዳይ፣ ውሳኔ፤ ፊርማ የሌላት በጣቷ አሻራ። ገረመኝና ገጹን ገለጥኩ። በ2002 አልቆመም! 2004 አለ፣ 2009 አለ፣ 2016 አለ።

«ኧረ እርስዎ፣ ሥራው እኮ ቆሟል ተብሎ ነበር» አልኳቸው።

«እናንተ ናችሁ የቆማችሁት» አሉ፣ ቅያሜ በሌለው ድምፅ። «ሰዉ መምጣቱን አልተወም። እኔ ምን ላድርግ፣ በሬን ልዝጋ?»

ይህን ሰምታችሁ «ይኸው፣ ሕዝቡ ራሱ ይችላል፤ ድርጅትም ገንዘብም አያስፈልግም» እንዳትሉ። እኔም ለአፍታ እንደዚያ ብዬ ነበር። ወሎ ቅሬው አለ፤ አዋጅ አልነካውም፣ ሪፖርት አይጽፍም፣ ሰው አፈር ያለብሳል። አበጋሮቹ አሉ፤ አንቀጽ ሳይጠቅሱ ደም ያደርቃሉ። ግን ደብተሩን በደንብ ስመለከተው ነገሩ ሌላ ነው። ከ2002 በፊት «ውሳኔ» የሚለው ዓምድ ላይ «ወረዳ ፍ/ቤት ተፈረደላት»፣ «ይግባኝ ወልድያ» የሚሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ «ታረቁ»፣ «በሽማግሌ»፣ «ተወችው» ይላል። «ተወችው» ብዙ ነው። ጠበቃ የሌላት፣ የወልድያ መሳፈሪያ የሌላት ሴት ምክር ብቻ ይዛ የት ትደርሳለች? እኚህ ሴት የቻሉትን ሠርተዋል፤ የሚችሉት ግን እሳቸው የሚችሉትን ያህል ነው።

ተማሪዬ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ አንድ ገጽ ፈለገ። የትኛውን እንደሚፈልግ ገብቶኛል። 2001፣ ሰኔ። ስም፤ «መሬት፣ ከባል ወንድም ጋር» ይላል። የአውራ ጣት አሻራ፣ ቀለሙ ደብዝዟል። «ውሳኔ» የሚለው ባዶ ነው። በፍላሿ ውስጥ ግን ይህችው ሴት «ግቡን መቶ በመቶ ካሳካው» ሠንጠረዥ ውስጥ ትገኛለች።

ሲመለስ መኪና ውስጥ ብዙ አልተናገረም። መርሳ ስንደርስ «ጋሼ፣ ሒሱን ይጻፉት፤ እኔ ነኝ ብለውም ይጻፉ» አለኝ። ስሙን አልጻፍኩትም፤ እሱ ብቻ ስላልሆነ። አሁን በሌላ ድርጅት ሥራ እያፈላለገ ነው፤ ሲያገኝም ሌላ መመሪያ መምጣቱ አይቀርም። ፍላሿን መልሼ ሰጥቼዋለሁ። የግራናውን ደብተር ግን አንድም ገጽ ሳይቀር ፎቶ አንሥቶ በወረቀት አስባዝቶታል። አንዱን ቅጂ እኔ ዘንድ አኑሯል። ባዶዋን ዓምድ ማንም እንዳይሞላት አደራ ብሎኛል።